የወንድሟ ሚስት

ኮሎምበስ፣ ሴፕቴምበር 14፣ 2025

ለእትዬ ሉሊት፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የደብረ ብርሃን ብርድስ? ከቤተሰባችሁ ውስጥ ጤናውን ከልቤ የምጠይቀው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልዎ ለወግ አይደለም፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት ወዲህ እንደ ሰሞኑ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ከታች ያገኙታል።

ደብዳቤዎን የላኩባት መንገደኛ እቤቴ ድረስ አምጥታ ሰጥታኛለች። በስልክ እንዳትጽፊልኝ፣ ስልኬ የልጅ ልጆች እጅ ይገባል ብለዋል። ልክ ነዎት። እናንተ ዘንድ ይኼ ወሬ ሰው ያሳስራል። ወረቀት ይሻላል፣ ሲፈልጉ ይቀደዳል።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው። ቅዳሜና እሁድ ከዌርሀውስ ሺፍቴ እንደወጣሁ ገበያ በር ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን አስፈርማለሁ። ወንድምዎ አንድርያስ ምን ብሎ እንደነገረዎት መገመት አያቅተኝም፤ እኔ በቀጥታው ልንገርዎ። የኦሃዮ ሕገ መንግሥት ውስጥ በፈረንጆቹ 2004 የገባች አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ ነው የምትል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 እንዳትሠራ አድርጓታል፤ ግን አልተፋቀችም፣ እንደተኛ ውሻ እዚያው ናት። ዳኞቹ ነገ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ትነሳለች። እኛ ሕዝቡ ራሱ በድምፁ እንዲፍቃት ነው የምንፈልገው፤ ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች ቢጋቡ ጋብቻቸው ጋብቻ እንዲባል። ለዚያ መጀመሪያ ፊርማ ያስፈልጋል።

የኮሎምበስ ሰው በአንድ ወረቀት፣ የሉዊስ ሴንተር ሰው በሌላ ወረቀት ነው የሚፈርመው፣ ካውንቲው፣ አውራጃው ማለት ነው፣ ይለያላ፤ ከተሳሳተ ፊርማው ይጣላል። ስለዚህ ሁለት ክሊፕቦርድ እይዛለሁ። አበሻ ሲመጣ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ያስፈልገኛል፣ ትዕግሥት። ግማሹ ይሰድበኛል፣ ግማሹ እናትሽ በሕይወት አለች ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። አብራኝ የምትሠራው የኮምቦልቻዋ ሰዓዲያ ብቻ ናት የተለየችው። እኔ አልፈርምልሽም፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም፣ ፀሐይ ላይ ስትደርቂ ግን ቆሜ አላይም ብላ ጥላና ውሃ ይዛ መጥታ ሁለት ሰዓት አጠገቤ ቆመች። እንዲህ ያለውን ሰው አከብራለሁ።

ወንድምዎ እንደ ሰዓዲያ አይደለም። ሉዊስ ሴንተር ትልቅ ቤት ገዝቶ፣ የሽማግሌዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ፣ በየአዳራሹ እየዞረ ጋብቻ ቅዱስ ነው፣ ውሸት አይገባበትም ይላል። ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው የማያውቁት አገር ሄዶ ነው። እሱ ግን እኔ ባለሁበት ከተማ ነው የሚለው። እኔ እኮ ሚስቱ ነበርኩ።

አሁን የምነግርዎትን ቁጭ ብለው ያንብቡ። እርስዎ የጥልፍ ቀሚስ የላኩበት ጋብቻ የወረቀት ጋብቻ ነበር። በ2006 አንድርያስ ቪዛው አልቆበት ሊባረር ሲል እኔ ሲቲዝን ነበርኩ። እግሬ ላይ ወድቃ የለመነችኝ እህትዎ ሰምሀል ናት። ወንድሜን አድኚልኝ አለችኝ፤ እሷ ጠይቃኝ እምቢ የምለው ነገር አልነበረኝም። ዳውንታውን ፍርድ ቤት አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ምስክራችንም አበባ ያዣችንም ሰምሀል ነበረች። ከዚያ ሦስታችንም ኒር ኢስት ሳይድ ወዳለው ቤታችን ተመለስን። አንድርያስ ቤዝመንት ወዳለው አልጋው ወረደ፣ እኔና ሰምሀል ወደ ላይ ወጣን።

በ2012 ጁላይ ሰምሀል ሆስፒታል ልትሞት ስታጣጥር ነርሷ በር ላይ አስቆማ ምኗ ነሽ አለችኝ። አፌን ሳልከፍት አንድርያስ ቀደመኝ። “ሚስቴ ናት” አለ። በዚያች ቃል እኔ ጠያቂ ሆንኩ፣ የሚፈርመው እሱ ሆነ። በሞተች በአራት ቀኗ ሬሳዋን በሣጥን አሽጎ ለእናንተ ላከ። እዚህ ቅበሩኝ ብላኛለች ብዬ ብለምነው አንቺ ማን ነሽና አለኝ። አዳራሽ ውስጥ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ የኔም ስም ተጠራ፤ “የወንድሟ ሚስት” ተብሎ። ሰው ሁሉ እየተሰለፈ የባልሽን እህት ነፍስ ይማር ይለኝ ነበር። የሞት ወረቀቷ ላይ ያላገባች ይላል።

አብሬያት ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። ጓደኛዬ ብቻ አልነበረችም። ከዚህ በላይ ግልጹን ከፈለጉ ይጠይቁኝ፤ ካልጠየቁኝ እንዳላስደነግጥዎ ዝም እላለሁ።

ዲሴምበር 3 ዳውንታውን ውስጥ ሕዝቡ በዚሁ ጉዳይ አስተያየቱን የሚሰጥበት ስብሰባ አለ። አንድርያስ ሊቃወም ተመዝግቧል። ስሙን ዝርዝሩ ላይ ሳየው ከሱ ቀጥሎ የኔን አስገባሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ እትዬ ሉሊት። ያለኝን ወረቀት ሁሉ ይዤ እገባለሁ። እንቅልፍ የሰጠኝ ይኼ ነው።

አክባሪዎ ህብረት


ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለህብረት፣

ሰላምታዬ ከሁሉ ይቅደም። ጉልበቴ እንደ ዕድሜዬ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆመ እግር ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅበታል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጋብቻው የወረቀት እንደነበር ከአንቺ ሰማሁ፤ አዘንኩ። ቢሆንም በዚያ ዘመን መኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ብሎ ያልዋሸ ማን አለ? ሦስታችሁ አንድ ላይ የሠራችሁትን ለአንዱ ብቻ ታሸክሚዋለሽ? ለአንድርያስ ስትይ የጀመርሽውን ውለታ አሁን ማፍረስ ከአንቺ አይጠበቅም።

ሬሳዋን መላኩን በደል አልሽው። እናታችን ያኔ በሕይወት ነበረች። ልጇን አፈር ሳታለብስ ብትሞት ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር? አሁን ሁለቱም ደብሩ ቅጥር ውስጥ ጎን ለጎን አርፈዋል። አንድርያስ የልጅነቱን አደረገ እንጂ አልበደለም።

ሦስት ልጆች አሉት። ይዤ እገባለሁ ያልሽው ወረቀት የሚያቃጥለው እነሱን ነው። ዜግነቱን ቢነጥቁትና ቢያባርሩት ያለ አባት የሚያድጉት እነሱ ናቸው። አንቺ ፍርድ ትይዋለሽ፣ እኔ ቂም እለዋለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰማሽም? ለሰው መብት እቆማለሁ ብለሽ የገዛ ቂምሽን ለመወጣት ከቆምሽ ሁለቱም አይሳካልሽም።

ጠይቂኝ ብለሻልና እጠይቃለሁ። ሰምሀል ምንሽ ነበረች? በምትጽፍልኝ ሁሉ ጓደኛዬ ህብረት ነበር የምትልሽ፤ እኔም የማውቀው ያንን ነው። ሌላ ካለ ንገሪኝና ልረፍ። ይህንን አንብበሽ ቅደጂው።

እኅትሽም እናትሽም ሉሊት


ኮሎምበስ፣ ኦክቶበር 30፣ 2025

ለእትዬ ሉሊት፣

እሺ፣ ጠየቁኝ። ሰምሀል ሚስቴ ነበረች። እኔም ሚስቷ ነበርኩ። ይኼንን ቃል በአማርኛ ጽፌው አላውቅም ነበር። ወረቀት ግን አልነበረንም። ያቺ ዐረፍተ ነገር ሕግ የሆነችው እኛ በተገናኘንበት ዓመት ነው፤ በሩ የተከፈተው ደግሞ ሰምሀል ከሞተች ከሦስት ዓመት በኋላ። የተከፈተ ቀን ሰው ዳውንታውን መንገድ ላይ ሲጨፍር እኔ መኪናዬን ፓርኪንግ ውስጥ አቁሜ መሪውን በቡጢ ስመታ ነበር።

ለአንዱ ብቻ ታሸክሚዋለሽ ብለውኛል። አይደለም። የኔን ድርሻ ተሸክሜ ነው የምገባው። ጠበቃ አነጋግሬአለሁ፣ የሚመጣብኝን አውቀዋለሁ፣ የሚፈልገኝ ካለ እቤቴ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፤ ይኼንን ካነበቡ በኋላ ቂም ነው ካሉኝ ይበሉኝ። በ2007 የኢሚግሬሽን ሰውዬ እኔንና አንድርያስን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለ ባሌ ጠየቀኝ። ሰምሀል አንድ ወር ሙሉ አስጠንታናለች፤ ጥያቄውን በአንድ በኩል፣ መልሱን በሌላ በኩል በካርድ ጽፋ ኩሽና ውስጥ ትፈትነን ነበር። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ያጠናሁት ሁሉ ድርግም አለብኝ። ሰውዬው ባልሽ ሲናደድ ምን ያደርጋል አለኝ። ዕቃ ያጥባል፣ የታጠበውንም ደግሞ ያጥባል አልኩ። ምን ያስፈራዋል አለ። ውሻ፣ ትንሽ ቡችላ እንኳ ሲያይ እጄን ጎትቶ መንገድ ያሻግረኛል አልኩ። በየት በኩል ይተኛል አለ። በግድግዳው በኩል፣ እግሩን ከኔ እግር ሥር ከትቶ፣ በበጋም ይበርደዋል አልኩ። ይኼ ሁሉ ሰምሀል ናት፣ እትዬ። እሷን ነው እሱ እያልኩ የተናገርኩት።

አንድርያስ አጠገቤ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ፈረመ። ፓርኪንግ ስንደርስ አንድርያስ ቁልፉን በእጁ ይዞ ቆመና፣ “እንደዚህ ትወጃታለሽ ማለት ነው?” አለኝ። አዎ አልኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ መኪናውን አስነሳ።

ያንን የሰማ ሰው ነው ከአምስት ዓመት በኋላ አንቺ ማን ነሽና ያለኝ። ሳያውቅ ቢበድለኝ ኖሮ ምን ያድርግ፣ አላወቀም ብዬ እተወው ነበር። እያወቀ የበደለ ሰው ግን እንዴት ተደርጎ ነው ይቅር የሚባለው?

ስለ ልጆቹ አስቤአለሁ፤ እኔም ሰው ነኝ። እሱ በየአዳራሹ ሲያወራ ግን ስለ ሰው ልጅ መቼ አሰበ? ዝም ቢል ዝም እል ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ዝም ብያለሁ እኮ። ለቅሶ ቤት የወንድሟ ሚስት ተብዬ ተቀምጬ እንኳ ዝም ብያለሁ።

የፊርማ ማሰባሰቡ ካምፔን አስተባባሪ ሰምታ ኮል አደረገችኝ። የውሸት ጋብቻ ወሬ ለተቃዋሚዎቻችን ዱላ ማቀበል ነው፣ የብዙ ሰው ልፋት ገደል ይገባል፣ ተይ ብላ ለመነችኝ። ልክ ናት። እርስዎም ልክ ነዎት፤ ለሰው መብትና ለገዛ ቂሜ አንድ ላይ ነው የቆምኩት። እሷንም እምቢ አልኳት፣ እርስዎንም እምቢ እላለሁ።

ህብረት


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ህብረት፣

ያልሽውን አነበብኩ። ስለ አንቺና ስለ ሰምሀል ነገር እኔ ያደግሁበት አገር ቃል አልሰጠኝም።

ለመጨረሻ ጊዜ ልለምንሽ። መናገርሽ ካልቀረ ስሙን አትጥሪ። ሰው በይ፣ ወንድም በይ፣ ስሙን ግን ተይው። ሽማግሌ ልላክብሽ ብል ያንቺን ደጅ የሚደፍር ሽማግሌ የለም ብሎኛል አንድርያስ። እሱ ራሱ ሊለምንሽ አፍሯል።

ይህንንም ልንገርሽ፣ ካልነገርኩሽ ያንቀኛል። ሰምሀል ብትኖር በሥራሽ ታፍር ነበር።

ሉሊት


ኮሎምበስ፣ ዲሴምበር 21፣ 2025

ለእትዬ ሉሊት፣

ከስብሰባው በኋላ የላኩልኝን ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። ሦስት ጥያቄ ነው ያለው፤ በተራ ልመልስ።

ስሙን ጠራሽ ወይ ብለዋል። ጠራሁ፣ ከነአባቱ። ለያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጡት። እሱ ስለ ቅዱስ ጋብቻ ተናግሮ ሲቀመጥ እኔ ተነሳሁ። የጋብቻ ሰርተፊኬታችንንና የሰምሀልን የሞት ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ለሁሉም አሳየሁ። “ለውሸቱ ማኅተም ሰጣችሁኝ፣ ለእውነቱ ያላገባች አላችሁኝ” አልኩ። የቀረውንማ አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾ በትኖታል፣ እርስዎም ሳያዩት አይቀሩም። ሰምሀል ብትኖር ታፍር ነበር ያሉኝን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር የገባሁት። ምናልባት ስሙን ብተወው ብዬ አስቤ ነበር፤ ያቺን መስመር ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤ አንድ ሆነ።

አለቀሰ ወይ ብለዋል። አላለቀሰም። ኮቱን ወንበሩ ላይ ረስቶ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ወጣ። ከኮሚቴው በማግስቱ አውርደውታል። የኢሚግሬሽን ነገር ጠበቃው እጅ ነው፤ ፋይሉ እንደገና ይከፈታል እያሉ ነው።

አሁን ልብሽ ረካ ወይ ብለዋል። እሰይ ብያለሁ፣ ምን ልዋሽ። ሁለት ቀን ሙሉ ጣፈጠኝ። እየነዳሁ ብቻዬን እስቅ ነበር። የካምፔኑ ሰዎች ሁለቱንም ክሊፕቦርድ መልሺ አሉኝ፣ መለስኩ፤ ከእንግዲህ ስማችን ከስምሽ ጋር ባይነሳ ይሻላል አሉኝ። ያም አልከበደኝም። በሦስተኛው ቀን ግን ከሥራ ስመለስ ቤቱ እንደ ወትሮው ነበር። ሰምሀል አሁንም እናንተ ጋ ናት። የምሄድበት መቃብር የለኝም። ሰው የሚወደውን ሲቀብር ቢያንስ ሄዶ የሚቆምበት ቦታ አለው፤ እኔ አሥራ ሦስት ዓመት የትም አልቆምኩም። አንድርያስን ባዋርደው እሷ አትመጣልኝም። ይኼንን ቀድሜ አውቀው ነበር፤ ቢሆንም አደረግኩት፣ ዛሬም ቢሆን አደርገው ነበር።

መልካም የገና በዓል።

ህብረት


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለህብረት፣

ይህንን ደብዳቤ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ስብሰባው በተደረገ ማግስት አንድርያስ ደወለልኝ። ያለቅስ ነበር። እትዬ፣ ስንት ዓመት የደበቅኩሽ ነገር አለ አለኝ። ሰምሀልና አንቺ ምን እንደነበራችሁ ነገረኝ። አንቺ እንዳትሰበሪ፣ እማማም ሳትሰማ እንድትሞት ብዬ ነው ህብረትን ከአልጋዋ አጠገብ ያስነሳኋት፣ ኋላም ነገሩ እንዳይነሳ ብዬ ነው በየአዳራሹ ስጮህ የኖርኩት አለኝ። አሁን አዋረድኩሽ፣ ይቅር በይኝ ብሎ ለመነኝ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ አልኩት።

ይቅር አልኩት፣ ህብረት። እኔ ግን አውቅ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሰምሀል ከሆስፒታል በመንገደኛ እጅ ደብዳቤ ላከችልኝ። ሁሉንም ጽፋዋለች። ህብረት ባለቤቴ ናት ትላለች። እንደማልድን ነግረውኛል፣ እዚሁ ቅበሩኝ፣ ህብረት የምትመላለስበት ቦታ ይሁን፣ ኋላም እሷ አጠገቤ እንድትተኛ ትላለች። እትዬ፣ ታላቄ ነሽና ለአንቺ አደራ እላለሁ ትላለች። የርእሰ መምህር ቢሮዬን ቆልፌ አነበብኩት። ከዲፕሎማዬ ጋር ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፣ መልስም አልጻፍኩላትም። መልሴን ስትጠብቅ እንደሞተች አውቃለሁ።

ስትሞት አንድርያስ ደውሎ እዚህ እንቅበራት፣ ፈቃዷ ነው አለኝ። እሱ ከአንቺ ሰምቶ ነው። እኔ ፈቃዷን በእጅ ጽሑፏ ይዤው፣ እናትህን ልትገድላት ነው ወይ፣ ሬሳዋን ላክ ብዬ አዘዝኩት። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የሕይወት ታሪኳንም በስልክ ያጻፍኩት እኔ ነኝ። የወንድሟ ሚስት የምትለውን ቃል ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ጥሩ ቃል መስላኝ ነበር፣ አንቺንም እሷንም የምትሸፍን።

ለምን ትይኝ ይሆናል። ስለ እናታችን የነገርኩሽ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ አፈርኩ። ትምህርት ቤቱን አፈርኩ፣ ደብሩን አፈርኩ። ቀብሯ ላይ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ያንን ሕዝብ ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሰምሀል ብትኖር ታፍር ነበር ብዬሽ የጻፍኩትን ሳስበው እጄን ልቁረጠው እላለሁ። ምንሽ ነበረች ብዬ የጠየቅኩሽም ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ምን ያህል እንደምትናገሪ ለመለካት ነው።

ደብዳቤዋን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ያንቺ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ለአንድርያስ አትንገሪው። ከእናቴ ልጆች የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። የኔን ወረቀት አቃጥይው።

ሉሊት


ኮሎምበስ፣ ጃንዋሪ 22፣ 2026

ለእትዬ ሉሊት፣

የሰምሀልን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ለእርስዎ አልነግርም።

የእርስዎን አላቃጠልኩትም። ሁለቱንም ይዤ እሁድ ከሰዓት ሉዊስ ሴንተር ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ስትከፍት እኔን አይታ ልትዘጋው ነበር፤ እሱ ከኋላዋ መጥቶ ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። ልጆቹ በመስኮት ያዩን ነበር። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አነበበ፣ እኔ በረዶው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። መጀመሪያ የሷን፣ ቀጥሎ የእርስዎን፣ ከዚያ የእርስዎን ደግሞ። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ ያሉትን ቦታ ሲደርስ ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። መስታወቱን ዝቅ አደረገና፣ “እኔ ከሉሊት ስደብቅ፣ እሷ ከኔ ስትደብቅ፣ መሐል ላይ የገደልነው አንቺን ነው” አለኝ።

አልታረቅንም። ይኼ እንዲገባዎት እፈልጋለሁ። እኔ ሆስፒታል በር ላይ ያለውን አልረሳለትም፣ እሱም በሦስት ደቂቃ ያደረግኩትን አይረሳልኝም። እየተወቃቀስን ነው የተስማማነው። ግን ለአንድ ጉዳይ ተስማምተናል።

የሞተ ሰው አጽም ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እንደሚፈልስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ደብሩን በሰው አስጠይቀን ነበር። የቅርብ የሥጋ ዘመድ በአካል ቀርቦ ለሰበካ ጉባኤው ማመልከት አለበት አሉ። እኔ ለደብሩ ማንም አይደለሁም። ማን ይፈርማል ብዬ ሳልጨርስ እኔ ነኝ አለ። የሟች ፈቃድ በእጅ ጽሑፏ አለ፣ እርስዎ ያስቀመጡልን። ሣጥንዎ ደህና አድርጎ ጠብቆታል። ከዚህ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ጠበቃው እያስጨረሰ ነው።

ፌብሩዋሪ 9 ቦሌ እንገባለን። ጾሙ ሳይገባ ያልቃል ብለውናል። እኔ እዚያ አፌን ዘግቼ ነው የምቆመው፣ አገሩን አውቀዋለሁ። እርስዎ ቤት አናርፍም። መቃብሩ ዘንድ መጥተው እንዲቆሙ ግን እንፈልጋለን፤ ያ ያኔ የወጣው ሕዝብ አሁንም ይወጣል፣ ለምን ትፈልሳለች ብሎ ይጠይቅዎታል። መልሱን ለእርስዎ ትተነዋል።

ከእንግዲህ እትዬ ብሎ የሚጠራዎት አይመስለኝም። የደወሉለትን ሁሉ እያየ አያነሳውም፣ እርስዎም አውቀውታል።

ጠበቃው ቁርጡን ነግሮታል። ፋይሉ ተከፍቷል፣ አሁን ከአገር ከወጣህ ተመልሰህ ላትገባ ትችላለህ ብሎታል። ልጆቹን ሳሎን ሰብስቦ ነገራቸው፣ ትልቋ በእንግሊዝኛ አትሂድ ብላ ጮኸችበት አሉ። በማግስቱ ቲኬቱን ቆረጠ። እኔ እንዲቀር አልለመንኩትም። ልለምነው ይገባ ነበር።

እንግዲህ ወንድምዎ ምናልባት እዚያው ይቀርልዎታል። እሷን ግን ይዣት እመለሳለሁ።

ህብረት